ክሽክሹ ከየት መጣ?

በአቃቂ ወንዝ ዳር ከጎኔ አትክልት የሚያለሙ አንድ ጋሼ አሉ። ባለፈው የካቲት ዝኩኒያቸውን በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ረጩት። ቅጠሉ ግን ከመዘንጎርጎር፣ ፍሬውም ጎባጣና እብጥብጥ ከመሆን አልዳነም። ባዶውን ጠርሙስ አሳዩኝና «ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት ውሃ ነው፤ ተሸወድኩ» አሉኝ። ማሳውን ዞሬ አየሁት። ቅጠል እየገለበጥኩ ስፈልግ ያገኘሁት የደረቀ ክሽክሽ፣ ያ የቅጠል ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ነፍሳት ነው፤ በሕይወት ያለ አንድም አላየሁም። መድኃኒቱ እውነተኛ ነበር፣ ሥራውንም ሠርቷል። ዝኩኒው ግን አልተረፈም።

ክሽክሹ ሞቶ እሱ የሚያዛምተው የቫይረስ በሽታ እንዴት እንደቀጠለ ለጋሼ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል። እዚህ ትንሽ አሳጥሬ ልሞክረው።

ዝኩኒ፣ ዱባ፣ ኪያር፣ ሐብሐብ፣ ሜሎንና ቅል አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሜሎንና ሐብሐብ ሙቀት ስለሚወዱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ትበርድባቸዋለች። የሚያምርባቸው ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወረድ፣ ከሞጆ ወዲያ በመቂና በባቱ በኩል ነው። እኛ ዘንድ በመስኖ የሚለማው ዝኩኒ ነው፤ በየአጥሩ የሚንጠላጠለው ደግሞ ዱባ። ቫይረሶቹ ይህን ልዩነት አይቆጥሩም። በፈረንሳይና በስፔን የሜሎን ገበሬን የሚያማርሩት ዝኩኒንም ዱባንም ይይዛሉ። ስለዚህ ለሜሎን የተጠናውን ለዝኩኒያችን ብንዋስ አያሳፍርም።

የማር ቀማሹ ጣት

ክሽክሽ ጥርስ የለውም፤ አፉ እንደ መርፌ የቀጠነ ቱቦ ነው። ክንፍ አውጥቶ የሚበር ክሽክሽ ከላይ ሆኖ ዝኩኒን ከድንች አይለይም። የሚስበው በቡናማ አፈር ላይ ጎልቶ የሚታይ አረንጓዴና ቢጫ ነገር ነው። ያርፍና መርፌውን ለጥቂት ሰከንድ ወጋ አድርጎ ይቀምሳል። የእሱ ቀለብ ካልሆነ ተነስቶ ቀጣዩን ይሞክራል፤ ገበያ ላይ ከየሻጩ ቅል ማር በጣቱ እየነካ እንደሚቀምስ ሰው ማለት ነው። ከአንዱ ቅል የነካው በጣቱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

የዝኩኒ ቢጫ ሞዛይክ፣ የሐብሐብ ሞዛይክና የኪያር ሞዛይክ የሚባሉት ቫይረሶች የሚተላለፉት በዚህች ቅምሻ ነው። የመጀመሪያው በሳይንስ ተለይቶ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1981 በጣሊያንና በፈረንሳይ ሲሆን ብዙም ሳይቆይ በየአህጉሩ ተገኝቷል። ክሽክሹ በሽተኛውን ተክል ለጥቂት ሰከንድ ሲወጋ ቫይረሱ መርፌው ላይ ይጣበቃል፤ ጤነኛውን ለጥቂት ሰከንድ ሲወጋ ይተላለፋል። መድኃኒት ግን ክሽክሹን እስኪገድለው ደቂቃዎች ይፈልጋል፣ አንዳንዱም ሰዓታት። የጋሼ ክሽክሾች የሞቱት አደራቸውን ካደረሱ በኋላ ነው። ይባስ ብሎ አንዳንዱ መድኃኒት ከመግደሉ በፊት ነፍሳቱን ያቁነጠንጣቸዋል፤ የተቁነጠነጠ ክሽክሽ ደግሞ ብዙ ተክል ይቀምሳል። ክሽክሽ የሚበሉትን ጥንዚዛዎችም አብሮ ይፈጃቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ በዝኩኒ ዘመድ ላይ የተሠራ ጥናት ያሳየውን ሳነብ ቫይረሱን ማድነቅ አማረኝ። የኪያር ሞዛይክ የያዘው ተክል ከጤነኛው የበለጠ ሽታ ያወጣል፣ ክሽክሹም ወደዚያ ይሳባል። አርፎ ሲቀምሰው ግን ጣዕሙ አይረባውም፤ ትቶት ቶሎ ይነሳል። መጥራትና ማባረር በአንድ ላይ! ክሽክሹ ተደላድሎ ተቀምጦ ቢመገብ ኖሮ ቫይረሱ መርፌው ላይ እንደተጣበቀ አይቆይም ነበር፤ ቀምሶ የሚሄድ መንገደኛ ነው ለቫይረሱ የሚበጀው።

ከዚህ የምንማረው አንድ መልካም ነገር አለ። በሰከንድ የተጫነ በሰከንድም ይራገፋል። ክሽክሹ ሁለት ሦስት ጤነኛ ተክል ከቀመሰ መርፌው ይጠራል፤ ባይቀምስም ቫይረሱ በሰዓታት ውስጥ ኃይሉን ያጣል። ይህ ማለት ለጋሼ ዝኩኒ የመጣው ቫይረስ ብዙውን ጊዜ የተነሳው ከሩቅ አገር ሳይሆን እዚያው ከሰፈሩ፣ ከአጥር ማዶ ካለ ተክል ነው። ተሸካሚው ሩቅ ቢመጣም ሸክሙ የቅርብ ነው።

ሁሉም ቫይረስ እንዲህ አይደለም። ሜሎንንና ዝኩኒን የሚያጠቃ ሌላ ክሽክሽ አመጣሽ የቢጫነት ቫይረስ አለ። ክሽክሹ ይህን ለመቀበል ሰዓታት ተቀምጦ መመገብ አለበት፤ ከያዘው ግን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይዞራል። ምልክቱም ይለያል፤ ፍሬው አይጣመምም፣ የታችኛው ያረጀ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይወፍርና ሲነኩት ይሰባበራል፣ አበባውም ይረግፋል። አርሶ አደሩ «ማዳበሪያ አንሶት ነው» ብሎ ዩሪያ ይጨምርለታል። ዩሪያ የጠገበ ለስላሳ ቅጠል ደግሞ ለክሽክሽ ድግስ ነው። ለዚህኛው ቫይረስ መድኃኒት መርጨት ትንሽ ሊረዳ ይችላል፣ ምክንያቱም ነፍሳቱ ሳያስተላልፍ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ተሸካሚው ነጭ ዝንብ ይሆናል፤ የሜሎንን ስኳር የሚቀንሱት የቢጫነት ቫይረሶች በእሱ የሚመጡ ናቸው። ነጭ ዝንብ ሙቀት ስለሚወድ ለእኛ ለደገኞቹ ዋናው ጣጣ ክሽክሽ ነው።

ማሳውን ትቶ ሰፈሩን ማየት

በቅምሻ የሚተላለፈው የሞዛይክ ቫይረስ ሕይወት ካለው ተክል ውጭ የትም አይውልም አያድርም። አፈር ውስጥ አይተኛም፤ ክሽክሹ ላይም ከሰዓታት በላይ አይቆይም። እንግዲያው ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ከአንድ አረንጓዴ ወደ ሌላ አረንጓዴ እየተሻገረ ነው። ጥያቄው «ምን ልርጭ?» ሳይሆን «የት ከርሞ መጣ?» ነው። የአካባቢ ዕቅድ የሚባለውም ከስሙ በስተቀር ከባድ ነገር የለውም፤ ድልድዮቹን ቆጥሮ የሚቻለውን ማፍረስ ነው።

በእኛ በኩል የቫይረሱን ዓመት እንዲህ እከተለዋለሁ። ዝኩኒ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በመስኖ ይተከላል። አንዱ ሲለቅም ሌላው ይተክላል፤ ደላላው በየሳምንቱ ይፈልጋላ። ይህ ቅብብል እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ክረምት ሲገባ ዝኩኒው በዝናብ ይበሰብሳልና መስኖኛው ይተወዋል። ቫይረሱ እዚህ ላይ መሞት ነበረበት። የሚያድነው ዱባ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ካፊያ የተዘራው፣ ቆሻሻ መጣያው ላይም ራሱ የበቀለው ወፍ ዘራሽ ዱባ ያረጀው ዝኩኒ ገና ሳይነቀል ብቅ ይላል። ክሽክሹ ከዝኩኒ ወደ ዱባ ያሻግረዋል፤ ዱባው ክረምቱን አጥር ላይ ተንጠላጥሎ ያሳልፍና በጥቅምት፣ ፍሬው ሲበስል፣ ከሥሩ ለተተከለው አዲስ ዝኩኒ አደራውን ይመልሳል። ዱባ ጠንካራ ስለሆነ ታምሞም ያፈራል፤ ባለቤቱ ቅጠሉ መዘንጎርጎሩን እንደ መልኩ ነው የሚቆጥረው።

በቁጥቋጦው ውስጥም ዘመዶች አሉት። የምድር እምቧይ የኪያርና የሜሎን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሐረግ ሬሳም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ሁለቱም ለመድኃኒት የሚፈለጉ ናቸውና ነቅላችሁ ጨርሱ አልልም፤ ከማሳ ጠርዝ ላይ ያለው ቅጠሉ ከተዘነጎረጎረ ግን መጠርጠር ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፤ ድልድይ ማፍረስ ለሁሉም ቫይረስ እኩል አይሠራም። የዝኩኒ ቢጫ ሞዛይክ በአብዛኛው ከዱባ ቤተሰብ አይወጣም፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ለአንድ ወር ከሰፈር ቢጠፋ በጣም ይዳከማል። የሐብሐብ ሞዛይክ አንዳንድ ጥራጥሬ ላይም ይኖራል። የኪያር ሞዛይክ ደግሞ ቃሪያና ቲማቲምን፣ አረሙንም ጨምሮ ከ1,000 በላይ የተክል ዓይነት ስለሚይዝ እሱን ማስራብ ከባድ ነው።

በአዋጅ ያደረጉትም አሉ። በካሊፎርኒያ ሳሊናስ ሸለቆ በክሽክሽ ለሚተላለፍ የሰላጣ ቫይረስ ሲባል በየዓመቱ በዲሴምበር ለሁለት ሳምንት ሰላጣ ማሳ ላይ እንዳይኖር ተደርጓል። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነጭ ዝንብ በሚያመጣው ቫይረስ ቲማቲሟ ሲያልቅ፣ ነጭ ዝንብ የሚራባባቸው ሰብሎች በዓመት ለሦስት ወር እንዳይተከሉ ደነገገች፤ ቲማቲሙም አገገመ። እኛ ጋ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ ወር ይበቃናል። ዝኩኒው በሚያዝያ 30 ተነቅሎ ቢያልቅ፣ ዱባው ደግሞ ሰኔ ገብቶ ቢዘራ፣ በመካከል ያለው ግንቦት ባዶ ይሆናል። ወሩ ለቫይረሱ የረሃብ ወር ነው። በዚያ ወር መሬቱ ጦም ይደር አላልኩም፤ ሽንኩርት ወይም ጥቅል ጎመን ይያዝበት።

ከሁሉ የከፋው ለቅሞ የተተወ ማሳ ነው። የመጨረሻው ፍሬ ከተለቀመ በኋላ «ለከብት ይሆናል» ተብሎ ለወር የሚቆይ ዝኩኒ ሁሉም እግሩ ታማሚ ነው፤ ቅጠሉ ሲያረጅና ሲጨናነቅ ክሽክሹ ክንፍ ያወጣና ይበተናል። በለቀሙ ሳምንት ነቅሎ ለከብት ማብላት ይቻላል፤ ቫይረሱ ሰውንም ከብትንም አይነካም። ክሽክሽ የበዛበት ከሆነ ግን ከመንቀል በፊት ነፍሳቱን መግደል ይቀድማል፤ አለበለዚያ ስትነቅሉት ተነስቶ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። መርጨት ቦታው እዚህ ነው። ጋሼ በወጣቱ ማሳ ላይ ያፈሰሱትን መድኃኒት በአሮጌው ላይ ቢያፈሱት ይሻላቸው ነበር።

ነፋስ፣ ጠርዝና በቆሎ

ክሽክሽ ደካማ በራሪ ነው፤ አቅጣጫውን የሚመርጥለት ነፋስ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በበጋው ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ በኩል ይነፍሳል፤ በክረምት ደግሞ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። እንግዲያው የመጀመሪያውን ዝኩኒ ወደ ምዕራብ፣ ቀጣዩን ወደ ምሥራቅ እያሉ መሄድ ነው። ያኔ ከአሮጌው የሚነሳው ክሽክሽ ከአዲሱ እየራቀ ይወሰዳል። ሸለቆ ውስጥ ነፋሱ ሊጠማዘዝ ስለሚችል በእኔ ቃል ብቻ አትሂዱ፤ የፌስታል ቅዳጅ እንጨት ላይ አስራችሁ ለሳምንት ተመልከቱት።

ስለ ማሳ ቅርጽ ሲነገር ሰው ይስቃል። ግን ቁጥሩን ተመልከቱ። ክሽክሽ በብዛት የሚያርፈው ጠርዝ ላይ ነው። 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ማሳ 400 ካሬ ሜትር ሲሆን ዙሪያው 80 ሜትር ነው። ወንዙን ተከትሎ 4 ሜትር በ100 ሜትር የተዘረጋ ማሳም ያው 400 ካሬ ነው፤ ዙሪያው ግን 208 ሜትር። አራት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው 10 በ10 የሆነ ዝኩኒ በየፊናቸው ቢተክሉ ጠርዛቸው ተደምሮ 160 ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ላይ ቢገጥሙት 80። ምንም ሳይረጩ ግማሹን በር ዘጉ ማለት ነው። የወንዝ ዳር መሬት ቁራጭ ቁራጭ ስለሆነ ለእኛ ይህ ጉዳይ ከሌላው ይብሳል።

የቀረውን ጠርዝ በበቆሎ ማጠር ይቻላል። ሁለት ሦስት ረድፍ በቆሎ ከዝኩኒው አንድ ወር ቀድሞ ይዘራና ዝኩኒው ሲተከል ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። መጤው ክሽክሽ መጀመሪያ በቆሎው ላይ ያርፋል፣ ይቀምሳል፣ መርፌውንም እዚያ ይጠርጋል። ማር ቀማሹ ጣቱን በጨርቅ እንደ መጥረጉ ነው። ይህ የሚሠራው በሰከንድ ለሚራገፉት ቫይረሶች ነው እንጂ ነፍሳቱ ዕድሜ ልኩን ይዞት ለሚዞረው አይደለም። ለአጥር ቃሪያ ወይም ቲማቲም አትጠቀሙ፤ የኪያር ሞዛይክን ቤታችሁ ድረስ መጥራት ነው።

ክሽክሽ የሚስበው በባዶ አፈር ላይ የሚታይ አረንጓዴ ስለሆነ በችግኞቹ መካከል ጭድ ማንጠፍም ማረፉን ይቀንሳል። ይህን ስል ጋሼ «ጭዱን ላሟ ትብላው ወይስ ዝኩኒው?» አሉ። የጭድን ዋጋ የሚያውቅ ይፍረዳቸው።

የጥራጥሬው ስደት

ከአቃቂ ወደ ዱከምና ቢሾፍቱ የሚዘረጋው ጥቁር አፈር የጤፍ፣ የሽምብራ፣ የምስርና የጓያ አገር ነው። ምስርና ጓያ ላይ የሚራባ የራሱ ክሽክሽ አለ። ሰብሉ ሲደርቅ ያ ሁሉ ክሽክሽ ክንፍ አውጥቶ አረንጓዴ ፍለጋ ይሰደዳል። በዚያ ወራት አገሩ ቢጫ ሆኖ አረንጓዴ የቀረው የወንዝ ዳር መስኖ ብቻ ነው። ዝኩኒ የእሱ ቀለብ አይደለም፣ አይራባበትም፤ ግን እያረፈ ይቀምሳል። ዝኩኒ ላይ አንድም የክሽክሽ መንጋ ሳይታይ በሽታው እንደ ሰደድ የሚሄደው በእነዚህ መንገደኞች ነው ብዬ አስባለሁ።

በወጣትነቱ የታመመ ዝኩኒ ምንም አይረባም፤ ፍሬ ከያዘ በኋላ የታመመ ግን አብዛኛውን ምርት ሰጥቶ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ግባችን በሽታውን ማጥፋት ሳይሆን ሦስት አራት ሳምንት ማዘግየት ነው። በመስከረም መጨረሻ የተተከለ ስደቱ ሲጀምር ፍሬ ላይ ይደርሳል። በታኅሣሥ የተተከለ ግን በለጋነቱ ይቀበለዋል። የጋሼ ዝኩኒ የታኅሣሥ መጨረሻ ነበር። ምክንያት ነበራቸው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሸለቆው ውስጥ ውርጭ ይወርዳል፣ ዝኩኒ ደግሞ ውርጭ አይችልም። ከውርጭ ሸሽተው ክሽክሽ ላይ ወደቁ። መውጫው ስስ ነጭ የችግኝ መሸፈኛ ጨርቅ ነው፤ ብርዱንም ያለዝባል፣ ክሽክሹንም ይከለክላል። ሴቴዋ አበባ ስትታይ መነሳት አለበት፤ ንብ ካልገባች ፍሬ የለም። ችግኙም ከአሮጌ ማሳ ጎን የሚፈላ ከሆነ ቫይረሱን በገዛ እጃችሁ ተሸክማችሁ ወደ ማሳው እያስገባችሁት ነው።

ማን ይጀምር?

አንድ ሰው ብቻውን ቢነቅል ከጎረቤቱ ይመጣበታል። ይህ ሁሉ ምክር እንደ እድር ነው፤ ሁሉም ካልገባበት አይሠራም። ደግሞም የከተማ ዳር መሬት ነገ ለመንገድ ወይም ለሕንፃ ሊፈለግ ይችላል። ለሚመጣው ዓመት ብለህ ዘንድሮ ንቀል ሲባል ሰው ቢያቅማማ አልፈርድበትም።

እኔ የምተማመነው የውሃ ተራ ላይ ነው። መስኖ ባለበት አብዛኛውን ጊዜ ውሃው በማን ቀን ወደ ማን ማሳ እንደሚሄድ የሚያከፋፍል የውሃ አባት ወይም ኮሚቴ አለ፤ ሰውም ተጣልቶም ቢሆን ይታዘዘዋል። የዝኩኒ ተራም እዚያው ላይ ቢታከል ሌላ ስብሰባ አያስፈልግም። ከሚያዝያ 30 በኋላ ዝኩኒ ላለበት ማሳ ውሃ የለም ቢባል ደላላውም ቀኑን ይለምዳል። ባለፈው እሑድ ከጋሼና ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ሆነን በዱላ መሬት ላይ ወንዙን፣ የሁሉንም መደብ፣ የነፋሱን አቅጣጫና አጥር ላይ ያሉትን ዱባዎች ሣልን። ሰባት የዱባ አጥር ቆጠርን፤ አራቱ የበጋው ነፋስ በሚመጣበት በኩል ናቸው።

ከአራቱ አንዱ የእትዬ ነው፤ ከጋሼ ማሳ በስተምሥራቅ፣ መንገዱን ተሻግሮ። ዱባቸው ለጾም ወጥ ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል። ሄደን ለመንናቸው። ዘሩን ለሰኔ ሚካኤል አቆየዋለሁ ብለውናል። ቆሻሻ መጣያው ላይ የበቀለውን ወፍ ዘራሽ ግን «እግዜር የዘራውን እኔ አልነቅልም» አሉ። እሱን ማን እንደሚነቅለው ገና አልተስማማንም።